የሹራብ ሰዓት

በራስ ነፋስ ከተማ ሹራብ የሚለበሰው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ደወል አይደወልም፤ የሚቆጣጠርም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ሱቅ ያለው ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ቤት ያለው ከበሩ ኋላ፣ መንገድ ላይ ያለው ከቦርሳው እያወጣ ይለብሳል። ቁልፉ እስከ አንገት ይቆለፋል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ከላዩ ጋቢ ይደርባሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዱና ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ከመሀል አገር የሚመጡት አውቶቡሶች የሚገቡት በዚያው ሰዓት ነው።

ሰላምታቸውም እንደዚያው ነው። አንዱ «ብርዱን እንዴት ቻላችሁት?» ሲል ሌላው «ተመስገን፣ ችለነዋል» ይላል። ይህን የሚባባሉት ከሹራቡ ሥር ላብ የሚመጥጥ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ፊታቸውን ደግሞ ቀበሌው በነጻ የሚያድለውን ነጭ ቅባት ተቀብተው ነው። ቅባቱ ላብ ወደ ፊት እንዳይወጣ ያደርጋል። ትንሽ ያሳክካል፤ ይለመዳል።

የከተማዋ ስም በአየሯ ነው የወጣው። ባሕሩ ወደ ረባዳው ምድር ከገባና ዳርቻው ላይ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከተሠሩ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሲል ከውኃው ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነሳ ነበር። ሰዎች «አሥር ሰዓቴ» ይሉት ነበር፤ የራሳቸው ነገር ነዋ። አገሩ ሁሉ እንደ ምጣድ ሲግል እዚያ ብቻ ሰው በምሽት ሹራብ ይለብሳል ተባለ። ያኔ እውነት ነበር። የታመመው፣ ያረጀው፣ ሕፃን የያዘችው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ።

ነፋሱ መቼ እንደቀረ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ዘገየ፤ ሌላ ጊዜ መጣና መጋረጃ ሳያወዛውዝ ተመለሰ፤ ከዚያ አንድ ክረምት ሙሉ ጠፋ። ሰዉ ሹራቡን እንደ ለበሰ ጠበቀው። እስካሁንም እየጠበቀው ነው ማለት ይቻላል። የከተማው ገጽታ ጽሕፈት ቤት በየማለዳው «ዛሬ ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ወደ ማታ ስለሚቀዘቅዝ ልብስ ደረብ አድርጉ» እያለ ያስነግራል። ማቀዝቀዣ በከተማዋ አይሸጥም፤ ነፋሻ ከተማ ማቀዝቀዣ ምን ይሠራለታል? «ሞቀ» ያለ ሰው አይታሰርም፣ አይሰደብም። የቤት ውል ሲታደስ ብቻ ስሙ ይዘለላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ነውር ነው፤ አልጋ ላይ በተኛ በሽተኛ ፊት «ይሄ ሰውዬ አይድንም» እንደ ማለት ይቆጠራል።

ሶልያና ወደ ራስ ነፋስ የመጣችው ነፋሱ ገና ሳይቀር፣ ባሏን በአዳማ አንድ የሙቀት ሳምንት ከነጠቃት በኋላ ነበር። ልጅ የላትም። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ትሸጣለች። ከአውቶቡስ የሚወርዱት እንግዶች በመጀመሪያ የሚያዩት የእሷን እንፋሎትና እንፋሎቱን ከበው እጃቸውን የሚያሞቁትን ደንበኞቿን ነው። እንግዶቹም ወዲያው ሻንጣቸውን ከፍተው ሹራብ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ በእውነት ይንቀጠቀጣሉ። ሶልያና መጀመሪያ መጀመሪያ ይህ ይገርማት ነበር፤ ኋላ ላይ መገረሙን ተወችው።

ወደ ሌላ ከተማ መደወል ነጻ የሚሆነው በሹራብ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በአዳማ ያለው ታላቅ ወንድሟ ኢዮሲያስ ለዓመታት ያያት እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ጋቢ ደርባ፣ ከኋላዋ ባሕር ተዘርግቶ ነው። እናታቸው የሞተችው ሶልያና ፊደል ሳትቆጥር ነበር፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ምግቧን አብስሏል፣ ልብሷን አጥቧል፣ ሹሩባ መሥራት እንኳ ከጎረቤት ሴቶች ተምሮ ጸጉሯን እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ይሸኛት ነበር። ባደገች ጊዜም ዋና ጭንቀቱ ያው ነበር፤ ደልቷት ይሆን? «አየሩስ?» ይላታል በስልኩ። «ኧረ ይበርዳል፣ ወንድም ጋሼ» ትላለች። እሱም ፊቱ በራ ይላል። ይህን ፊት ለማየት ሌላ መዋሸት ቢያስፈልግም ትዋሽ ነበር።

እሱ ያለበት አዳማ ግን ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ከመሬት በታች ነው። ምድር ቤት የሚሏቸው አዳራሾች ውስጥ ለአንድ ሰው አንድ አልጋ፣ አንድ መብራትና ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት አንድ ቱቦ ይሰጣል። ጸሐይ ስትጠልቅ ይወጣሉ፤ ስትወጣ ይገባሉ። ያስጠላል እንጂ አይገድልም። ቦታውን የለቀቀ መልሶ አያገኘውም፤ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው።

አንድ ቀን ኢዮሲያስ ደወለና ልቡ እንደ ደከመ፣ ሐኪሙም የምድር ቤቱ የታፈነ አየር ለእሱ እንደማይሆን እንደ ነገረው አጫወታት። ነፋሻ አገር ፈልግ ብሎታል። «ነፋሻ አገር ደግሞ እህት አለችኝ» አለና ሳቀ።

ሶልያና ዙሪያዋን ቃኘች። አጠገቧ ጎረቤቷ ኤልዳና ተቀምጣለች፤ ወዲህም ወዲያም ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ቦታህንስ ምን ልታደርገው ነው ስትል ጠየቀችው። ለአንዲት ነፍሰ ጡር እንደ ለቀቀላት ነገራት፤ አልቋል፣ ሻንጣውንም አስሯል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልትል ትችል ነበር። ኤልዳና አጠገቧ ባትኖርም ግን አትልም ነበር፤ ናፍቋት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ራሷን ያጽናናችበት ሐሳብም ያኔውኑ መጣላት፦ ከአዳማ እቶን ለሚመጣ ሰው የኛ ሙቀት ብርድ አይደል?

የመጣ ቀን አውቶቡሱ በር ላይ ጠበቀችው። ከስቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። እግሩ መሬት እንደ ነካ ያዘጋጀችለትን ግራጫ ሹራብ አለበሰችውና ቁልፉን በእጇ ቆለፈችለት። ኢዮሲያስ ባሕሩን አየ፤ ማዕበል የለም፣ ውኃው እንደ ዘይት ረግቷል። አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን አየ። ከዚያ እሷን አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት። ወዲያው ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ።

«እውነትም ይበርዳል» አለ።

ሶልያና በደስታ አለቀሰች። አምናው ነበር። እሱንስ ከመጣበት አገር አንጻር ይበርደው ይሆናል ብላ አመነች፤ ማመን ፈልጋ ነበርና ብዙ አላስቸገራትም።

የሚቀጥሉት ሳምንታት በሕይወቷ ካየቻቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ጧት አብረው ቁርስ ይበላሉ። ቀን እሷ ለሻዩ ዝንጅብል ስትቀጠቅጥ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ የልጅነቷን ነገር ያነሳባታል፤ ሹሩባው ሲጠብቅባት ስታለቅስ የነበረችውን ለቅሶ ሳይቀር አስመስሎ ያለቅሳል። ከባሏ ሞት ወዲህ ቤቷ ውስጥ ሰው እንዲህ ሲስቅ አልተሰማም። አሥር ሰዓት ሲል ሁለቱም ይለብሱና አብረው ይወርዳሉ። ኢዮሲያስ ከከተማው ሰው ሁሉ የባሰ ብርድ የሚፈራ ሆነ። «ችለነዋል» ሲል ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፤ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ እንፋሎቱን ወደ ፊቱ ይስባል። እንግዶች እሱን ሲያዩ ሹራብ ይደራርባሉ። የሶልያና ሻይም እንደዚያ ተሸጦ አያውቅም።

ወሬው ገጽታ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ኪሩቤል የሚባል ጨዋ ወጣት መጥቶ አባባ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሁለት ቃል ይናገሩልን አለ። ኢዮሲያስ ወደ እህቱ ዘወር ብሎ ተመለከተ። እሷ ደግሞ ኩራት ፊቷን አብርቶት ነበር፤ ኋላ ያንን ፊቷን ስታስበው ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል። ኢዮሲያስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ወደ መቅረጫው አየ። «ከአዳማ ስመጣ በሰው ድጋፍ ነበር የቆምኩት። እዚህ ነፍሴ ተመለሰች። እህቴ ትሙት፣ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው» አለ። ሲጨርስ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኪሩቤል እጅ ነሥቶ አመሰገነና ሄደ።

ያ መንቀጥቀጥ ልብ ላለው ሰው የማስመሰል አልነበረም። ሶልያና ግን ልብ አላለችም፤ ወይም ልብ ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ቀን ስኳር ልትገዛ ወጥታ፣ ገንዘብ ረስታ ገበያ ሳትደርስ ተመለሰች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሳሎን የለም፤ መኝታው ላይ የለም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ኢዮሲያስ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ተኝቷል። ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጀርባው በሽፍታ ቀልቷል። ቆዳው ሹራቡ ባረፈበት ሁሉ ተልጧል።

ኮቴዋን ሲሰማ ዘሎ ተነሳ፤ መጀመሪያ የያዘው ግን ፎጣውን ሳይሆን ሹራቡን ነበር። ገልብጦ ለበሰውና ቀለበቴ ወድቆብኝ እየፈለግኩ ነው አላት። ቀለበት አድርጎ አያውቅም። ሶልያና እሺ አለች፤ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ወጥ ቤት ገብታ ዝንጅብሉን መቀጥቀጥ ጀመረች። እሱ እየዋሸላት ነው፤ ሰደበኝ እንዳትል፣ ደስታዋ እንዳይጎድል፣ በጎረቤት ፊት እንዳታፍር። እሷም እየዋሸችው ነው፤ ከንቱ ቦታ አመጣችኝ እንዳይል። ያ ሁሉ ፍቅር ነው። ፍቅር ባይሆን ኖሮ አንዱ ይናገር ነበር።

ያን ቀን ልትነግረው ቆረጠች። አሥር ሰዓት ሳይደርስ፣ ሹራቡን ከማንሳቱ በፊት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ምን እንደምትለው ስታሰላስል ነው የዋለችው፦ ነፋሱ ከቀረ ቆይቷል፤ ማንም አይበርደውም፤ አንድ ነገር እናድርግ፣ ወደ ደጋ እንሂድ፣ የትም እንሂድ። እጁን ያዘች። እጁ ይፋጃል።

«ወንድም ጋሼ፣ ብርዱ…» አለች።

ኢዮሲያስ ዐይኗን አየና ፈገግ አለ። በልጅነቷ ሹሩባዋን ጨርሶ መስታወት ሲያሳያት ያደርጋት የነበረችው ፈገግታ ናት።

«ችለነዋል፣ ሶሊዬ» አለ።

እንዲህ ብሎ ተነሳ፤ ሹራቡንም ለበሰ። ሰው ችያለሁ ሲል አልቻልክም ማለት በዚያ ከተማ አይታወቅም፤ በእነሱ ቤት ደግሞ ከድሮም አልነበረም። ሲያሳድጋት ራሱ ጾሙን እያደረ ጠግቤያለሁ ብሎ ድርሻውን ይሰጣት ነበር። እሷም እንዳወቀች ሳታሳውቅ በልታለች። አብረው ወረዱ።

የሞተው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ብዙ አውቶቡስ የገባበት ቀን ነበር፤ ሶልያና ለእንግዳ ስትቀዳ ቀና ለማለት ጊዜ አላገኘችም። ኢዮሲያስ የተለመደው አግዳሚ ላይ ኩባያውን ይዞ ተቀምጧል። ደጋግሞ ራሱን ሲጥል ያዩት ሰዎች አዛውንቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው አሉ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያየው ሁሉ አዘነለት። አንዱ መንገደኛ የራሱን ፎጣ አንገቱ ላይ ጠመጠመለት። ሌላው ኮቱን አለበሰው። ኤልዳና ጋቢዋን አውልቃ ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነችውና ዳር ዳሩን ነፋስ እንዳይገባ ጠቀጠቀችለት። ቅን ሴት ናት፤ ከልቧ ነው ያደረገችው። ሶልያና አንዴ ቀና ብላ ተሸፋፍኖ ስታየው ሰዉ እንዴት ይወደዋል ብላ ደስ አላት፤ ተመልሳም መቅዳቷን ቀጠለች።

ኩባያው ወድቆ ሲሰበር ነው የሮጠችው። ጋቢውን ስትገልጠው ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቷን ገረፋት። ላቡ ደርቋል፤ ዐይኑ ተከፍቷል፤ እሷን አያያትም። ውኃ፣ ውኃ ስትል የቆሙት ሰዎች ተያዩ። አንዱ ቀዝቃዛ ውኃማ ይብስበታል አለና ትኩስ ሻይ አቀበላት።

በጤና ጣቢያው ያለው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ጥርሱ ላይ ያለውን ቃል እያላመጠ ቆየና ዐይኗን ሳያይ «ሳንባ ብርድ ነው፣ እናቴ» አላት። በራስ ነፋስ ሰው በሙቀት አይሞትም። አስከሬኑን ሲያጥቡ ጀርባውን ያዩት ሰዎችም ፈጥነው ገነዙት።

ለቅሶው በሥርዓቱ ተለቀሰ። ሰው ሁሉ መጣ፤ ድንኳኑ ሞላ፤ ቀን ቀን በነጠላ የተቀመጠው ሰው አሥር ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ሹራቡን ለብሶ ይመለሳል። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጥናሽ ይላታል፤ ቀጥሎም ምን ይደረግ፣ ብርዱ አልተስማማቸውም ይላል። ከመሀል አገር የመጣ ሰው ይህን አየር ቶሎ አይለምደውም እያሉ ይተካከዛሉ። ሶልያና እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ልትጮህ ፈልጋለች፤ ግን ማን ላይ? እነሱ የሚሉት እሷ ለዓመታት በስልክ ስትል የኖረችውን ነው። ወንድሟን የገደለው ሙቀት ነው፤ ያስገደለችው ግን እሷ ናት። ይህን ለማንም ሳትል ውስጧ አስቀመጠችው።

ኢዮሲያስ አንድ ልጅ አለችው፤ ኅሊና ትባላለች። ባሏ ለሥራ ወጥቶ ቀርቷል፤ በአዳማ ምድር ቤት ውስጥ ከአራስነት ያልወጣ ልጇን ይዛ ትኖራለች። መንገዱ ለአራስ ስለማይሆን ለቀብር አልመጣችም። ሐዘኑን በስልክ ሲለዋወጡ ሁለቱም ከማልቀስ በቀር ብዙ አላወሩም ነበር።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፣ አንድ ቀን በሹራብ ሰዓት ሶልያና ሻይዋን ልታፈላ ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። ኅሊና ናት። ከኋላዋ መስኮት ይታያል፤ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ደረቅ ሜዳ እየሮጠ ያልፋል። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የለም። ሶልያና ገና ሳትጠይቅ ገባት።

ኅሊና የምትናገረው በችኮላ ነበር። አባዬን በየቀኑ አየዋለሁ አለች። ገጽታ ጽሕፈት ቤት የቀረጸውን በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ጧትና ማታ ያሳዩታል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነፍሴ ተመለሰች ሲል። ሕፃኑም የአያቱን ድምፅ ለምዶ ዝም ይልለታል። እዚያ የታፈነ አየር እያሳለኝ ልጄን ለምን አሳድጋለሁ፣ አባቴ ሁለት ወር እንኳ በሰላም የተነፈሰበት አገር እያለ አልኩ፤ አክስቴም ብቻዋን ናት አልኩ አለች። ቦታዋን ለቅቃለች። ነገ በሹራብ ሰዓት ይገባሉ።

ሶልያና የሻዩን ድስት አስቀመጠች። በዙሪያዋ ሰው ሞልቷል፤ ኤልዳናም አጠገቧ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ይሰማኛል አላለችም።

«ከአውቶቡሱ ውረጂ» አለች። «አዋሽ ላይ ውረጂና ተመለሺ። ለምነሽም ቢሆን፣ መሬት ላይም ቢሆን ምድር ቤቱ ውስጥ ተኚ። እዚህ ነፋስ የለም፣ ኅሊና። ይሞቃል። አባትሽን የገደለው ሙቀት ነው።»

አግዳሚው ላይ ወሬ ቆመ። ሰዎች ወደ ባሕሩ ዘወር አሉ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲታመም ዐይን እንደሚነሳለት ማለት ነው።

በኅሊና ፊት ላይ የመጣው ነገር ድንጋጤ አልነበረም፤ ቅሬታ ነበር። አባቴን ተቀብለሽ እኔን ልትመልሽኝ ነው? አለች። ልጅ ስለያዝኩ ነው? አልከብድሽም፤ ሻዩን አብሬሽ እሸጣለሁ። አባዬ ራሱ ተናግሯል እኮ፣ አክስቴ፤ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው ብሏል። አባዬ ዋሽቶ አያውቅም።

«ለእኔ ብሎ ነው» አለች ሶልያና። «እኔን እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው የዋሸው። እኔም ዋሽቼዋለሁ። ሁላችንም ነን።»

ኅሊና ግን ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀች። አላመነቻትም። ሶልያና ስልኩን ከድስቱ ክዳን ጋር አስደግፋ አቆመችውና ጋቢዋን ጣለች። የሹራቡን ቁልፎች ከአንገቷ ጀምራ ፈታች፤ አወለቀችው፤ ደረቷ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ፈታች። ጨርቁን ጨመቀችው፤ ላቡ አስፋልቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። በክንዷ ፊቷን ስትጠርግ ነጩ ቅባት ተነሳ፤ ከሥሩ ላቧ ጎረፈ። በሹራብ ሰዓት፣ በባሕሩ ዳር፣ በቀጭን ካናቴራ ቆመች። በዚያ ከተማ እንዲህ ያደረገ ሰው ታይቶ አይታወቅም። «እይኝ» አለች፤ «እይኝ፣ ልጄ።»

ኅሊና አየቻት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ኤልዳና ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ ብቅ አለችና አትፍረጂባት ልጄ፣ ወንድሟን ቀብራ ገና መቼ ወጣላት፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርጋት አለች፤ ወዲያው የወደቀውን ጋቢ አንስታ አራገፈችው። ሶልያና ያላትን ሁሉ ተናግራለች፤ ያላትን ሁሉ አሳይታለች።

ስክሪኑ ውስጥ ኅሊና እያለቀሰች ሕፃኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። ለጉዞው የሱፍ ቆብ አልብሳዋለች።

«ይገባኛል፣ አክስቴ» አለች። «ነገ እደርሳለሁ፤ ብቻሽን አትሆኚም። አሁን ግን በናትሽ ሹራብሽን ልበሺ፤ ብርድ ይመታሻል።»